ሁሉም ያለፉበት ፈተና

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ የመታወቂያዬን ኮፒ ላስነሳ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው ጀርባ ካለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ብዙ ገጽ እያስባዛ ነበር። ማሽኑ መሃል ላይ ወረቀት ጎርሶ ቆመ። ባለሱቋ ሆዱን ከፍታ የተጨማደደውን ወረቀት ጎትታ ስታወጣው ያ የጋለ ወረቀትና የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጨብጣ ልትጥለው ስትል "እስቲ ልየው" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተበላሸ ወረቀት ሳላየው እንዲጣል ፈቅጄ አላውቅም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ዘረጋሁት። "ተማሪዎች ይህን ኮርስ ሲያጠናቅቁ የሚከተሉትን ማከናወን ይችላሉ" ይላል። ከሥሩ ተራ ቁጥር ተደርድሯል፤ ከየቁጥሩ ቀጥሎ ይነድፋሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይፈትሻሉ። ለደንበኛ የተቀመጠችው በርጩማ ላይ ዘጭ አልኩ። "እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለችኝ ልጅቱ። "ተይው፣ ሙቀቱ ነው" አልኳት። ሙቀቱ አልነበረም።

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚያወጣው አቀበት ወገብ ላይ ያኔ አንድ የግል ኮሌጅ ነበር። ዛሬ የለም። ሕንፃው ፍራሽና የፕላስቲክ ወንበር መሸጫ ሆኗል፤ የእኔ ቢሮ የነበረችው ክፍል መስኮቷ በቢጫ ስፖንጅ ተደፍኗል። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ባጃጅ ገና ከተማችንን ሳይወር፣ ከሲቀላ ሴቻ በሚኒባስ አንድ ብር የሚከፈልበት፣ ሞባይል ያለው ሰው ስልኩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚንጎራደድበት ጊዜ ነበር። መናኸሪያው ፊት ለፊት የነበረው ካሴት ቤት ገና በጠዋቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ የዓመቱን ዘፈን ሁሉ ያስኮመኩመን ነበር፤ እኔ አቀበቱ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ጣቶቼ በዚያው ምት ይሄዱ ነበር። ቢሮ የምንለብሰው ከጉልበት በታች የሚወርድ ጥቁር ጉርድና ትከሻው የተደለደለ ኮት ነው። በአርባ ምንጭ ሙቀት ኮት! ግን ኮት ያልለበሰች ጸሐፊ ጸሐፊ አትመስልም ነበርና ላባችንን እየጠረግን እንለብሳለን። ምሳ ሰዓት ላይ ወርደን ከአባያ ሐይቅ ገና የወጣ አሳ ተጠብሶልን በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀስን እንበላለን፤ ስንመለስ የያንዳንዳችን ክንድ ላይ እንደ ሕፃን የታቀፈ ሙዝ አለ። ሙዝ ያኔ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አልነበረም፣ ዝም ብሎ ይታቀፋል።

እኔ የኮምፒዩተር ምሕንድስና ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ፈተና ከእኔ ሳያልፍ ተማሪ ዘንድ አይደርስም። መምህሩ በእጁ የጻፈውን ያመጣልኛል፣ እኔ ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ በታይፕ እመታዋለሁ፣ ስቴንስሉን ይዤ ማባዣ ክፍል እወርዳለሁ፣ እዚያ ጋሽ አንጁሎ ያባዙታል፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቆጥሬ ፖስታ ውስጥ አሽጌ፣ ማኅተም ረግጬ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለአቶ ታምራት አስረክባለሁ። እሳቸው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። ከመምህሩ ሌላ፣ ፈተና ከተማሪ በፊት የምናይ ሰዎች ሦስት ብቻ ነን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ብዙ ሌሊት የነሳኝ እሱ ነው።

ጋሽ አንጁሎ የዶርዜ ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ሸማኔ፤ እሳቸው ግን ጉድጓድ ውስጥ እግር አስገብቶ መዋል ወገባቸውን ስላመማቸው ወደ ከተማ ወርደው ካኪ ጋዋን ለበሱ። ወረቀት ሲይዙ ግን ሸማኔነታቸው ይታያል፤ ዳሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ይቺ እርጥበት ይዛለች፣ ዛሬ አትሄድም" ካሉ በእርግጥም ማሽኑ ይጎርሳታል። ማንበብ የተማሩት ካደጉ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ ብርቃቸው ነበር። የመድኃኒት ወረቀት፣ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነብባሉ። እኔን "እትዬ ማርታ" ብለው፣ "እርስዎ" ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ በዕድሜ ግን በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። ማባዣ ክፍል ስገባ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው መቀመጫ በጋዋናቸው ጫፍ ጠርገው ይሰጡኝ ነበር።

አቶ ታምራት ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ማንንም የማያምኑ ሰው ነበሩ። ክፉ ነበሩ አልልም። ግን በእሳቸው ዘንድ የትምህርት ክፍሉ ክብር የሚለካው በወደቀው ተማሪ ብዛት ነው። ግማሹ ክፍል ከወደቀ ፊታቸው ይበራል፤ "ጥራት ማለት ይኼ ነው" ይላሉ። አንድ መምህር ተማሪዎቹ ጥሩ ከሠሩለት ቢሮ አስጠርተው "ሁሉም ካለፈ ድግስ እንጂ ፈተና አይደለም" ይሉታል።

በዚህ መሃል መምህር ሄኖክ መጣ። ቀጭን፣ ጸጉሩን የማያበጥር፣ ከሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ የሽቦ ቁራጭ የሚንጠለጠልበት ልጅ እግር ሰው። ዲጂታል ሎጂክ፣ ማለትም ሎጂክ ጌት የሚሏቸውን የኮምፒዩተር ክፍሎች አገጣጠም ሊያስተምር ነው የተቀጠረው። በመጣ በሳምንቱ አንድ ገጽ ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ ቆመ። አሥራ ሁለት መስመር ነው። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ምን ምን መሥራት እንደሚችል በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ከየመስመሩ ሥር በአማርኛ መልሶታል። እኔ እየመታሁ ሳለ አንዱ መስመር ላይ አረመኝ።

"እዚህ ጋ 'ያውቃል' ብለው ጽፈዋል፣ እትዬ ማርታ።"

"ታዲያ ትምህርት ለማወቅ አይደለም እንዴ?"

"ማወቅ አይታይማ። ይኸው እኔ አውቃለሁ ብልዎት በምን ያምኑኛል? የሚታይ ግስ ነው የምፈልገው። ይገጥማል። ስህተቱን ፈልጎ ያገኛል። ያንን ቆሜ ማየት እችላለሁ።"

ነገሩ ደስ አላለኝም። ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ተማሪ ሊያድል ነው። እንዴ፣ የሚጠየቁትን ገና ከበሩ ይነገራቸዋል? እኔ ያየሁት ትምህርት መምህሩ የሚፈትነውን ደብቆ፣ ተማሪው ደግሞ የተደበቀውን ለመገመት ሲጋጋጥ ነው። ይኼ ልጅ ወይ የዋህ ነው፣ ወይ አንድ ነገር አስቧል አልኩ በሆዴ። አቶ ታምራትም ወረቀቷን አይተው "ምን ጣጣ ነው?" ብለው ጠረጴዛው ላይ ወረወሯት፤ ግን አልከለከሉም።

ያን ዓመት የእኅቴ ልጅ ትዕግሥት ከጨንቻ ወርዳ እኔ ቤት እየኖረች እዚያው ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ዓመት ነበረች። የሄኖክን ወረቀት በሊጥ አልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄኖክ ላብራቶሪ ውስጥ ይጠብቃቸዋል፤ አንዷን መስመር በእጃቸው ሠርተው ሲያሳዩት ያቺ መስመር ላይ ይፈርምላቸዋል። ያልቻለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል፣ እስኪችል ይመላለሳል። ትዕግሥት ማታ ማታ እራት እየበላን "አክስቴ፣ ዛሬ ሰባተኛዋ ተፈረመች" ትለኝ ነበር። እኔም "ጎበዝ" እላለሁ፤ ግን መቼም የሰው ልብ ክፉ ነው፣ ለአንድ ቀጭን መምህር ቅዳሜን ሁሉ የምትሰጠው ለምን ይሆን እያልኩ ከበር ስትገባ ዓይኗን አየው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ስቴንስሉን ይዤ ማባዣ ክፍል ወረድኩ። ከሙቀቱ የተነሣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ጋሽ አንጁሎ ማሽኑን አዙረው ሲጨርሱ ቆጠርኩ፣ ልክ ነው። የተበላሹትንም ቆጠርኩ፣ ቀደድናቸው። ልወጣ በሩ ጋ ደርሼ እስክርቢቶ ረስቼ ዞር ስል፣ ጋሽ አንጁሎ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አንድ ወረቀት በአራት አጥፈው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ሲከትቱ አየሁ። አላዩኝም። እስክርቢቶውን ሳላነሳ ወጣሁ። "ምንድን ነው እሱ?" ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልኩም። ቆጠራዬ ልክ ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ራሴን ደልዬ ፖስታውን አሽጌ አስረከብኩ።

ፈተናው ተሰጠ፣ ታረመ። ሃያ ሰባቱም ተማሪዎች አለፉ። ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ከግማሽ በላዩ ኤ አገኘ፣ ከቢ በታች የወረደ አልነበረም። ከሁሉም ከፍ ያለችው ደግሞ ትዕግሥት። አቶ ታምራት የውጤቱን ወረቀት ይዘው ከቢሯቸው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። "ፈተናው ወጥቷል" አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኮሌጁ አየር ተለወጠ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። የሒሳብ ክፍሏ ጓደኛዬ ምሳ አብራኝ መውረድ ትታ "ዛሬ ጾም ነኝ" አለች፣ በሐሙስ። የፈተና ፖስታ ያሸግሁበት እጄ ከሰው ጋር ሲጨባበጥ ሰው ቶሎ የሚለቀው መሰለኝ። በዚያ ላይ እኔው ራሴ ትዕግሥት ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ቦርሳዋን ዘርግፌ ፈተሽኩ። ደብተሯን ገጽ በገጽ ገለጥኩ፣ የፍራሹን ሥር ዳሰስኩ። ያገኘሁት በሄኖክ ፊርማ የተሞላ ያን ወረቀት ብቻ ነው። ስትመለስ ደብተሮቹ የተደረደሩበት አኳኋን ልክ እንዳልሆነ አየች። መልሳ ደረደረቻቸው። እራት ላይ ግን ወጥ ስጨምርላት "ይበቃኛል" ብላ እጇን ሳህኑ ላይ ጋረደች፤ ያንን እጅ እስከ ዛሬ አያታለሁ።

አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ፤ አቶ ታምራትና ሌሎች ሁለት ሰዎች። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

"ወይዘሮ ማርታ፣ የእኅትዎ ልጅ እርስዎ ቤት ናት የምትኖረው?" አሉ አቶ ታምራት።

"አዎ።"

"ፈተናውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፤ ግን እንኳን ለእሷ ለራሴም ምን እንደሆነ አይገባኝም። እንግሊዝኛ ነው፣ ሥዕል ነው።"

"ሦስት ሰው ነው ያየው። እኔን አይጠረጥሩም መቼም።"

ሦስቱም አዩኝ። ማራገቢያው ከላይ ይንቋቋል። ትዕግሥት ከትምህርት ስትባረር፣ እኔ ኮቴን ይዤ አቀበቱን ስወርድ፣ እኅቴ ጨንቻ ላይ ደረቷን ስትደቃ ታየኝ። አፌ እኔን ሳይጠይቅ ተከፈተ።

"አንድ ነገር አይቻለሁ" አልኩ። "ጋሽ አንጁሎ፣ ፈተናው በተባዛ ቀን፣ ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ አይቻለሁ።"

ውሸት አልተናገርኩም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ያየሁትን ነው ያልኩት። ግን ቆጠራው ልክ እንደነበር፣ የጎደለ ወረቀት እንደሌለ አልተናገርኩም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

ጋሽ አንጁሎን ሲጠሯቸው ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔው ነበርኩ፤ ሌላ ጸሐፊ አልነበረም። እሳቸው ገብተው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ቆሙ። ወረቀት ወስደዋል ወይ ሲባሉ ወዲያው "ወስጃለሁ" አሉ።

"ምን ወረቀት?"

"የመምህር ሄኖክን ነው። 'ይችላል፣ ይችላል' የሚለውን። ከድሮ የተረፈች አንድ ነበረች፣ ማሽኑ ሥር ወድቃ አገኘኋት።"

"ከእርስዎ ጋር ሎጂክ ጌት ምን አገናኘው?" አለ አንደኛው።

"ምንም አላገናኘውም፣ ጌታዬ። አነጋገሩን ወድጄው ነው። እኔም ምን ምን እንደምችል ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጽፍበት ብዬ ነው።"

አንደኛው ሳቀ። ጋሽ አንጁሎ አልሳቁም። "ቤቴ አለች፣ ሮጬ ላምጣት" አሉ።

"አሁንማ የፈለጉትን ወረቀት ነው የሚያመጡት" አሉ አቶ ታምራት። "ሌላ የሚጠረጥሩት ሰው አለ?"

እኔ ቀና አላልኩም፣ እስክርቢቶዬን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። ጋሽ አንጁሎ የጋዋናቸውን ዳር በጣታቸው ዳሰሱ። "የለም" አሉ በመጨረሻ። "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። የማባዣ ክፍሉን ቁልፍ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ "ማሽኗ ጠዋት ጠዋት ሁለት ባዶ ወረቀት ካልሰጧት ትቆጣለች" አሉኝ።

መምህር ሄኖክ ግን አልተቀመጠም። ኮሚቴው ፊት ገብቶ "ፈተናው አልወጣም፣ ልጆቹ ይችላሉ። ካላመናችሁ ራሳችሁ ፈትኗቸው" አለ። "በወረቀት አይደለም፣ ወረቀት ይሰረቃል። አሥራ ሁለቱን መስመር በብጣሽ ጽፋችሁ ዕጣ አውጡላቸው፣ እፊታችሁ ይሥሩ።" አቶ ታምራት በዚህ ተስማሙ፤ የተስማሙት ልጆቹ እንደሚወድቁ እርግጠኛ ስለነበሩ ነው ብዬ ነው ያኔ የጠረጠርኩት፣ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ላብራቶሪው ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ስም እመዘግባለሁ። ትዕግሥት አራተኛ ገባች። ዕጣዋን አወጣች፤ ሁለት ቁጥር የሚደምር ሰርኪዩት ሠርቶ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት የሚለው ደረሳት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ላይ ቺፖቹን ተከለች፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ እንደ ጥልፍ አስገባች፣ ትናንሾቹ አምፖሎች ትክክለኛውን ድምር አሳዩ። አቶ ታምራት "ዞር በይ" ብለዋት በእጃቸው አንድ ሽቦ ነቀሉና ከሣጥናቸው ያወጡትን ሌላ ቺፕ በአንደኛው ቦታ ተኩ። "አሁን አስተካክዪ" አሏት። ትዕግሥት አልተቻኮለችም። ከአንዱ ጫፍ ጀምራ እየነካች መጣች፣ የተነቀለውን ሽቦ አገኘችና መለሰች። አምፖሉ አልበራም። እሷ ግን ቺፑን ነቅላ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

"ይሄ ሞቷል" አለች።

"በምን አወቅሽ?" አሉ አቶ ታምራት።

"ጤነኛ ቦታ ላይ አስገብቼ ላሳይዎት እችላለሁ።" አሳየች። አልሠራም። ሌላ ቺፕ ተከለች፤ አምፖሎቹ በሩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሃያ ሰባቱም በየተራ ገቡ። ሁለት ልጆች ተደናግጠው መጀመሪያ ሳይሳካላቸው ቀረ፤ በማግስቱ ተጠርተው እነሱም ሠሩት። ፈተና አልተሰረቀም። የተሰረቀ ነገር አልነበረም፤ መምህሩ ምን እንደሚፈልግ ነግሯቸው ነበር፣ እነሱም ተምረውት ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ከማንኛችንም አእምሮ የራቀው እሱ ብቻ ነበር።

ውጤቱ ጸደቀ። ለጋሽ አንጁሎ የሚጻፈውን ደብዳቤ አቶ ታምራት እየተናገሩልኝ መታሁት። "በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ" አሉ። "ጥፋት የለባቸውም ብንልስ?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ያልኩትን ጻፊ" አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብለው። ጻፍኩ። ጋሽ አንጁሎ ደብዳቤውን ሊወስዱ አልመጡም። ደመወዛቸውንም፣ ጋዋናቸውን የሰቀሉበት ሚስማር ላይ የቀረ ጃኬታቸውንም አልጠየቁም። መምህር ሄኖክ ዓመቱን ጨርሶ ሄደ። ማባዣ ክፍሉ የብረት በርና ሁለት ቁልፍ ተገጠመለት፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ኮሌጅ ውስጥ ፈተና ሳባዛ አንድ ሰው ከኋላዬ ሳይቆም ሠርቼ አላውቅም።

ያ ሁሉ አለፈ። ትዕግሥት ተመረቀች፣ ሐዋሳ ሄደች፣ ዛሬ እሷው ራሷ መምህር ናት፤ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ሲቀላ ሚኒባሱ ቀርቶ በባጃጅ ተጥለቅልቃለች፣ ካሴት ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል፣ ሙዝ በኪሎ ነው የሚመዘነው። እኔ ግን እስከ አሁን ሱቅ ገብቼ ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት ካየሁ ዓይኔ አብሮ ይገባል። ጎረቤቴ በር ዘግታ ካወራች ስሜን የጠራች ይመስለኛል። ሰዎች "ማርታ ጠንቃቃ ናት" ይሉኛል። ጠንቃቃ አይደለሁም።

ያን ማክሰኞ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ስመለስ ለትዕግሥት ደወልኩና ያየሁትን ወረቀት ነገርኳት። ሳቀች። "አክስቴ፣ እኔም እኮ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እጽፋለሁ፣ አሁን ግዴታ ነው" አለች። ቀጥላም "ጋሽ አንጁሎም ያንን የሄኖክን ወረቀት ቤታቸው ለጥፈውታል" አለች።

"የትኛው ጋሽ አንጁሎ?"

"የኛው ናቸዋ። አባያ ዳር ሙዝ ያለማሉ። አርባ ምንጭ በመጣሁ ቁጥር ሄጄ አያቸዋለሁ።"

እነሆ፣ ስንት ዓመት እኔ ቤት እያረፈች እሳቸው ጋ ስትሄድ ነግራኝ አታውቅም። ስልኩን ዘግቼ የተመላለሰብኝ ያ ነው። ምን ያወራሉ? ስለ እኔ ምን አሉ? ስለ ደብተሩስ ነግራቸው ይሆን? ሦስት ቀን እንዲህ ስል ሰነበትኩና ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ተኮናትሬ ወረድኩ።

መንገዱ ከአስፋልት ከወጣ በኋላ ጎማ የሚበላ ነው። ጋሽ አንጁሎን ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው አዩኝና "ሳሮ!" ብለው በጋሞኛ ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ "ማርታ፣ አንቺ ነሽ?" አንቺ! በዚያ ሁሉ ዓመት እርስዎ ያሉኝ ሰው። ቀረቤታ ይሁን ንቀት አልለይ ብሎኝ ቆምኩ። ባለቤታቸው ኩርኩፋ፣ በሃለኮ (በሽፈራው) ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል፣ በሳህን አቀረቡልኝ። ጎረስኩ፤ ጨው በዝቶበታል። ሆን ብለው ይሆን አልኩ። ጋሽ አንጁሎም ጎረሱና "ዛሬ ጨዋማ ናት" ብለው ለሚስታቸው ነገሩ።

ባለቤታቸው ራቅ ሲሉ ጊዜ አልፈጀሁም።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ያኔ ወረቀት ወስደዋል ብዬ ለኮሚቴው የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ ገመዳቸውን ሳይለቁ።

"ማን ነገረዎት? ትዕግሥት ናት?"

"ማንም አልነገረኝም። ያየነው ሦስት ነን። አንዱ እኔ ነኝ፣ አንዱ አቶ ታምራት ነው፣ እሱ ደግሞ ማባዣ ክፍል ወርዶ አያውቅም። ይሄንን ሎጂክ ጌት ሳልማርም እደርስበታለሁ።"

"ታዲያ ማንን ይጠረጥራሉ ሲሉዎት ለምን እኔን አላሉም? ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነበር እኮ።"

"ልጂቱስ? አንቺን ብል የምትወድቀው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላብራቶሪውን የምከፍትላቸው እኔ ነበርኩ፤ ስትለፋ አይቻታለሁ።"

ወሬ መለወጥ ፈልጌ ነው መሰል ወደ ሙዙ ዞርኩ። እሳቸው ገመዱን አስቀመጡ።

"እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ሳጥፈው ካየሽኝ፣ ለምን 'ምንድን ነው?' አላልሽኝም?"

ሃያ ዓመት ያህል ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው። "ጠይቄ ፈተናው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ" አልኩ። "ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈተናው እንዲሆን የፈለግሁ ይመስለኛል። እሱ ከሆነ እኔም ትዕግሥትም ነፃ ነን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብትጠይቂኝ አነብልሽ ነበር" አሉ። ከዚያ በላይ አልሄዱም፤ ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላሉም።

ልሄድ ስነሣ ባጃጁ ድረስ ሸኙኝ። ሾፌሩን "እኅቴ ናት፣ ቀስ ብለህ ውሰዳት" አሉት። ባጃጁ ሲነሣ ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ መሃል ቆመው፣ ፊታቸው ኮስተር ብሎ፣ ትክ ብለው ያዩኛል። ራቅ አልን፣ አሁንም ቆመዋል። እጃቸውን አላወዛወዙም። በሰው ፊት እኅቴ ይበሉ እንጂ ሆዳቸው ሌላ ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያ ዓይን አልለቀቀኝም፤ ስበላም ስተኛም ፊቴ ተደቅኗል። ትዕግሥት ደውላ "እንዴት ነበሩ?" ስትለኝ "ደህና ናቸው" ብዬ ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ ሰላም ብለውኝ ሳይጨርሱ፣ ሳልቀመጥ፣ "ባለፈው ስሄድ መንገድ ላይ ቆመው እንደዚያ ሲያዩኝ ምን እያሰቡ ነበር?" አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ከዚያ ትዝ አላቸውና ሳቁ፤ ሳቃቸው ጥርሳቸው እንደሌለ አሳየኝ።

"ጎማውን ነዋ!" አሉ። "የኋላው ጎማ ተንፍሶ ነበር። አስፋልቱ ጋ ይደርሳል፣ አይደርስም ብዬ ቆምኩ።"

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን አስፋልቱ ጋ እንደደረስን ሾፌሩ ባጃጁን አቁሞ ወርዶ ነበር። ጎማውን እስኪነፋ ድረስ እዚያው ውስጥ ተቀምጬ ጠብቄዋለሁ፤ ምን ሆነህ ነው ብዬም አልጠየቅሁትም።